በማንጎው ሥር አሥር፣ በረንዳው ላይ ዘጠኝ

በማንጎው ሥር የቆሙት አሥር ነበሩ። በረንዳው ላይ ዘጠኝ። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ከሁለቱ መካከል፣ ፀሐይ ላይ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከንቲባው በራሱ ጉዳይ ድምፅ ስለማይሰጥ ቢሮው በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ዘበኛው በቀርከሃው አጥር መግቢያ ነበር። እኔ ከበረንዳው ደረጃ ትይዩ፣ ጠረጴዛ ወደ ግቢው ወጥቶልኝ፣ ወረቀቱ በነፋስ እንዳይሄድ ድንጋይ ጭኜበት እጽፋለሁ። የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የማንጎው ሥር ሰዎች ከንቲባው ይነሳ የሚሉ ነበሩ፤ የበረንዳዎቹ ደግሞ ይቆይ የሚሉ። እንደዚያ ነበር የተባለው፤ እኔም እንደዚያ ጻፍኩ። ከአሥሩ አንዱ ግን እዚያ የቆመው ከንቲባው ይነሳ ብሎ አልነበረም። እኔ ይህን እያወቅኩ አሥር ብዬ ጻፍኩ።

የከተማይቱን ስም አልጽፍም። ከአሶሳ ብዙ አትርቅም፤ ጠዋት በጭነት መኪና የሄደ ሰው፣ ዝናብ ካልያዘው፣ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ ይመለስ ነበር። በዚያ ቀን የቆሙት ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የድሮ ስሙ በነጭ ቀለም ተቀብቶ አዲሱ በላዩ ተጽፎበታል። ቀለሙ ስስ ስለነበር ፀሐይ በጎን ሲመታው የድሮው ፊደል ከሥር ይታያል። አዲሱ ማኅተም ከአሶሳ እስኪመጣልን ድረስ ደብዳቤ የምናወጣው በፊርማ ብቻ ነበር። ሰዎች ይመጡና ፊርማውን አገላብጠው አይተው፣ ክቡ ነገር የታለ ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ወደዚያ አገር የሄድኩት በባለቤቴ ምክንያት ነው። አስተማሪ ነበር። ተመደበ፤ ተከትዬው ሄድኩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ የጽሕፈት መኪናም በአሥሩም ጣቴ እመታለሁ፤ ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ወዲያው ቀጠረኝ። ባለቤቴ በሦስተኛው ዓመት በወባ ሞተ። ሁለቱን ልጆች ይዤ ወደ አባቴ ቤት እንድመለስ ዘመዶቼ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሥራ ስለነበረኝ አልተመለስኩም።

ምክር ቤት ሲቋቋም ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። አሠራራችን ይህ ነበር፦ በስብሰባው ላይ የሚባለውንና የሚወሰነውን በወረቀት እይዛለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ በትልቁ መዝገብ ላይ በቀለም እገለብጠዋለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ። አማርኛ የማይሰማ አባል ስለነበረ አንዱ ተነስቶ በአገሩ ቋንቋ፣ በበርትኛ ይደግመዋል። ከዚያ ሰብሳቢው፣ እንዲህ ነበር? ብለው ይጠይቃሉ። አባላቱ እንዲህ ነበር ይላሉ። የሚጽፍ ይፈርማል፣ የማይጽፍ አውራ ጣቱን ያትማል። እንዲህ ነበር እስኪባል ድረስ የጻፍኩት ነገር ወረቀት ብቻ ነው። መዝገቡ የሚቆለፍበት ሣጥን ቁልፍ በአንገቴ ላይ ነበር።

ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። ስማቸው ረጅም ስለሆነ የከተማው ሰው በጽሕፈት ቤታቸው አቀማመጥ ይጠራቸዋል፤ አንደኛው ከመስጊዱ በላይ ስለነበር ላይኞቹ፣ ሌላው ከገበያው አጠገብ ስለነበር ታችኞቹ። አሶሳ ላይ ሁለቱ ተነጋግረው ከንቲባው ከታች፣ ሰብሳቢው ከላይ ይሁን ተባባሉ። አሶሳ ላይ የተስማሙት እኛ ዘንድ ሲደርስ አልተስማሙም። ከምክር ቤቱ ሃያ አንድ አባላት ከንቲባውንና ሰብሳቢውን ብትተዋቸው፣ ላይኞቹ አሥር፣ ታችኞቹ ዘጠኝ ነበሩ። ይህን ቁጥር የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ጠቡ የተነሳው በአንድ የውሃ ሞተር ነው። ሞተሩ በእንጨት ሣጥን እንደታሸገ መጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ገባ። ከንቲባው ገበያው አጠገብ ይተከል አለ። ምክር ቤቱ መስጊዱ አጠገብ ይተከል ብሎ ወሰነ። ከንቲባው ውሳኔውን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ገበያው አጠገብ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ምክር ቤቱ ይነሳ አለ። የነገሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው። ሞተሩ ያን ክረምት በሣጥኑ ውስጥ ከርሟል፤ ከንቲባውም በመጨረሻ የሄደው በድምፅ ሳይሆን በዝውውር ነው። ያ ግን በኋላ ነው፤ እኔም ያኔ እዚያ አልነበርኩም።

ቆሞ ድምፅ መስጠት የሰብሳቢው ብልሃት ነበር። መጀመሪያ በወረቀት ሞክረን ነበር፤ ማንበብ የማይችለው አባል ወረቀቱን ለሚችለው ሲሰጥ፣ የሚችለው የራሱን ሐሳብ ጻፈበት ተብሎ ተካሰሱ። ከዚያ በእጅ ተደረገ፤ እሱም አልሆነም። ሰብሳቢው ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፣ ቀልድ ያውቃሉ። አንድ ቀን እጆቹን ቆጥረው ሳይጨርሱ ሦስቱ ወረዱባቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ ስቆጥር እጃችሁን አውርዳችሁ አፍንጫችሁን ታካላችሁ» አሉ። «ቁሙልኝ፤ ልክ እንደ ከብት ልቁጠራችሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳራሹ ሲሞቅ ግቢ እየወጣን፣ አንዱ ወገን ማንጎው ሥር፣ ሌላው በረንዳው ላይ ይቆማል። እኔ ስማቸውን በሁለት መስመር እጽፋለሁ። ማንም አልተካሰሰም። ጥሩ አሠራር ነው ብዬ አስብ ነበር።

ከአባላቱ አንዲት ሴት ነበሩ፣ የላይኞቹ ወገን። በገበያ ደረቅ ባሚያና ማሽላ የሚሸጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሰው። ሁሉም እናታችን ይላቸዋል። ከታችኞቹ ወገን ደግሞ አንድ ገበሬ ነበር፤ የእናታችንን ልጅ ያገባ። በዚያ አገር ወግ ሰው ከሚስቱ እናት ጎን አይቆምም፣ ፊቷን አያይም፣ እሷ በምትሰማበት አይናገርም። መንገድ ላይ ቢያገኛት ከመንገዱ ወርዶ ያሳልፋታል። አዳራሹ ውስጥ እናታችን ከፊት ሲቀመጡ እሱ ከምሰሶው ኋላ ይቀመጥ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ዝምተኛ ሰው ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ሰብሳቢው፣ ከንቲባው ይነሳ የምትሉ ወደ ማንጎው፣ ይቆይ የምትሉ ወደ በረንዳው አሉ። ታችኞቹ ወደ በረንዳው ወጡ፤ ገበሬውም አብሯቸው ወጣ። ላይኞቹ ወደ ማንጎው ሄዱ። አንዱ ከጥላው ሥር ሆኖ፣ እናንተ ከቆርቆሮው ሥር ብሰሉ፣ ሲበስላችሁ እንጠራችኋለን አላቸው። ከበረንዳው አንዱ፣ ማንጎው ቢወድቅባችሁ አናነሳችሁም አለ። ተሳሳቁ። እናታችን ከአዳራሹ የወጡት ከሁሉም ኋላ ነው። ወደ ማንጎው ጥቂት ሄዱና ቆሙ። ዞሩ። ወደ በረንዳው ደረጃ መጡ።

እናታችን የመጀመሪያውን ደረጃ ሲረግጡ ገበሬው ጀርባውን ሰጥቶ በበረንዳው ጎን ዘሎ ወረደ። ወርዶ ግራ ገባው። ሰብሳቢው፣ ግቢው መሃል አይቆምም፣ ቦታ ያዝ አሉት። መሬት መሬት እያየ ሄዶ ማንጎው ሥር ቆመ።

እግሩ ደረጃውን ሳይነካ ሲወርድ አይቻለሁ። ለምን እንደወረደ አውቃለሁ። በዚያ ግቢ ለምን እንደወረደ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ቆጠሩ፤ ማንጎው ሥር አሥር፣ በረንዳው ላይ ዘጠኝ። የተጠበቀው ቁጥር ነበር። እናታችን ወዲህ መጡ፣ ገበሬው ወዲያ ሄደ፤ ስሞቹ ተለዋወጡ እንጂ ድምሩ ከተማው የሚያውቀው ድምር ነበር። ታችኞቹም ያኔውኑ አልተቃወሙም፤ ነገሩን ማንሳት እናታችንን በሰው ፊት ማሳፈር ነበር። እኔም ስሙን ከማንጎው መስመር ሥር ጻፍኩ።

ሰብሳቢው ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አዩት።

«አሥር ብለሻል?»

«አሥር ቆመዋል» አልኳቸው።

«ደህና ልጄ። እንደቆሙት ጻፊው።»

በማግስቱ ቢሮ ስከፍት ገበሬው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠበቀኝ። ከወንዙ ማዶ ተነስቶ በእግሩ ነው የመጣው። ሲናገር የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አማርኛን ያወቀው ጎልምሶ ነው፤ ወንድና ሴትን በአንድ ይጠራል፤ እኔ እንደሚናገረው እጽፈዋለሁ።

«እትዬ፣ እኔ የታች ነኝ» አለኝ። «ለከንቲባው ነው የቆምኩት። አማቴ መጣ። እሱ ሲመጣ እኔ እዚያ እንዴት ይቆማል? ወላሂ ሌላ ቦታ ቢኖር እዚያ እሄድ ነበር። ሰብሳቢው ሁለት ቦታ ብቻ ሰጠን።»

ለምን ያኔውኑ እንዳልተናገረ ጠየቅኩት። ጥያቄው ሞኝነት እንደሆነ እየጠየቅኩ ነው ያወቅኩት።

«እሱ እየሰማ?» አለ።

ከዚያ ሰፈሩ ላይ ሰው እየሰደበው እንደሆነ ነገረኝ። ታችኞቹ፣ ከንቲባውን ሸጥክ ብለውታል። እሱን የመረጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ገበያው አጠገብ ሞተሩ እንዲተከል ላኩት እንጂ ማንጎ ሥር እንዲቆም አላኩትም። ዘመዶቹ ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ከሌላ አገር የመጡት፣ ሠፋሪዎቹና ነጋዴዎቹ ግን አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት መዝገቡን ነው። አሁን መዝገቡ እሱን ከላይኞቹ ጋር ሊያቆመው ነው።

«አፌ እሱ ፊት አይከፈትም። አንተ ጻፍ» አለኝና ሄደ።

ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። አንድም የተሳሳተ ነገር አልነበረበትም። ስሙ ትክክል ነው፣ ማንጎው ትክክል ነው፣ አሥሩም ትክክል ነው። በሁለት ዓመት ብዙ ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፤ ትክክል ጽፌ ያፈርኩት ያንን ብቻ ነው። ይህ ሰው ያልሆነውን ነው ተብሎ በእኔ እጅ እንዲጻፍ አልፈለግኩም። መዝገቡ ከመነበቡ በፊት ስድስት ቀን ነበረኝ።

ከሰዓት በኋላ ከንቲባው አስጠራኝ። ወጣት ነበር፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ያንሳል፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የጨረሰ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ገበሬው እኔ ዘንድ መምጣቱን ሰምቷል። ወንበር ሰጠኝ።

«እህቴ፣ ቁጥሩ ተገልብጧል። አንቺም አይተሻል» አለኝ። «አሥሩን ዘጠኝ፣ ዘጠኙን አሥር አድርጊው። ገና በወረቀት ነው ያለው፤ መዝገብ አልገባም።»

ምክንያቱን ጭምር ልጻፍ እንደሆነ ጠየቅኩት። ፊቱ ተለወጠ። ምክንያቱ አያስፈልግም አለ። መዝገቡ ወደ አሶሳ ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ ያሉት ሲያነቡ ከንቲባው በአማትና በአማች ነው የተረፈው ብለው እንዲሳሳቁ አይፈልግም። ቁጥሩን ብቻ።

«ቆመው የነበሩት አሥር ናቸው» አልኩት። «ዘጠኝ ቆሙ ብዬ አልጽፍም።»

«እውነቱ እኮ ዘጠኝ ነው።»

«እውነቱ ዘጠኝ የሆነበትን ከነምክንያቱ እጽፋለሁ። ያለምክንያት አልጽፍም።»

ከዚያ፣ ቤት ኪራይሽ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ነው አይደል? ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

ለእኔ ከባዱ እሱ አልነበረም። የከበዱኝ እናታችን ነበሩ። ምክንያቱን ብጽፍ ስማቸው ይገባል፤ የብዙ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው፣ ባለቤቴ የሞተ ቀን ከሁሉም ቀድመው ቤቴ የደረሱት እሳቸው ናቸው። በገበያ ቀን ሄድኩ። ባሚያውን በጆንያ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥራ እንዳላስፈታቸው ብዬ ባሚያውን በእጄ እለይላቸው ጀመር።

«አንተ ምን ልትጽፍ ነው?» አሉኝ። እሳቸውም ለሴት አንተ ይላሉ።

የምጽፈውን ነገርኳቸው። መጀመሪያ በረንዳ ላይ ነበር፤ እርስዎ ሲመጡ በወጉ መሠረት ሄደ፤ የቆመበት ቦታ ሐሳቡ አይደለም። ይኸው ነው።

«እኔ አባረርኩት ተብሎ መዝገብ ይገባል።»

«አላባረሩትም። ሄደ ነው የምለው።»

አንዲት ደንበኛ መጣች፤ ሰፍረው ሰጧት። ከሄደች በኋላ፣ እሱ ጥሩ ልጅ እንደሆነ ነገሩኝ። ልጃቸውን ከሰጡት አሥር ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ቀን ፊታቸውን አይቶ አያውቅም። ከእሱ በላይ የሚያከብራቸው ሰው የለም። አሁን ሰው ሁሉ ስለዚያ ዝላይ ያወራል። ለምን ወደ በረንዳው እንደዞሩ ጠየቅኳቸው። የላይ ወገን ናቸውና።

«ውሃ ተሸክሜ አውቃለሁ» አሉ። «እነሱ አያውቁም። ገበያው ታች ነው። ሞተሩ ታች ይሻላል። ይህን ለማለት የታች መሆን አለብኝ?»

አላውቅም አልኳቸው። ባሚያውን አብረን ለየን። ከዚያ እጃቸውን አራገፉና፣ ጻፍ አሉኝ። እሱ መናገር ካለበት እሳቸው ባሉበት አይናገርም፤ ስለዚህ ያንን ገጽ ማንበብ ስጀምር ተነስተው ይወጣሉ። ቢያንስ አንዴ በሰው ፊት ይናገር አሉ። ለቤቴ ባሚያ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ዋጋውን አልተቀበሉኝም።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን መዝገቡን በቀለም ገልብጬ ጨርሼ ወደ ሰብሳቢው ሱቅ ሄድኩ። ድንገት ሲነበብባቸው እንዲሰሙት አልፈለግኩም። ሳሙናና ጨው የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ነው። የጻፍኩትን በቃሌ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ስኳር ለሰው ይመዝኑ ነበር፤ መዝነው ጨረሱ።

«ልጄ፣ እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው» አሉኝ።

«እኔም» አልኳቸው።

እሳቸው እንደሚኖሩት እኔ እንደማልኖር፣ እኔ መንገደኛ እንደሆንኩ፣ ልጆቼ ሲያድጉ ወደ አገሬ እንደምሄድ ነገሩኝ። ስብሰባው ተዘግቷል፤ በተዘጋ ስብሰባ ላይ ቃል አይጨመርም። የቆመው ቆሟል። የሚቀጥለው ወር ሌላ ጉዳይ አለ። ሁለት ነገር ከጻፍኩ፣ አሥር ቆሙ ዘጠኝ ደገፉ ካልኩ፣ ውሳኔ የለም ማለት ነው፤ እንደገና ይቆማል። እንደገና ሲቆም ደግሞ እናታችን የት እንደሚሄዱ አላህ ነው የሚያውቀው። ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ቆመ።

«ጸሐፊ ይገኛል፤ አንቺ ሥራ አታገኚም» አሉ።

ጨው ገዝቼ ወጣሁ።

ያን ዕለት ማታ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ያለንን ዕቃ በልቤ ቆጠርኩ። በሁለት ጆንያና በአንድ ሣጥን ይገባ ነበር።

በማግስቱ ሁሉም መጡ። ሃያ አንዱም ነበሩ፤ በስብሰባ ላይ ሁሉም የሚገኙበት ቀን ብዙ አልነበረም። አዳራሹ ስለሞቀ ወንበሮቹን ወደ ግቢው አወጡ። እኔ በቦታዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሌሎቹን ጉዳዮች አነበብኩ፤ የቄራውን አጥር፣ የዘበኛውን ፈቃድ። ስለ ከንቲባው ወደሚለው ገጽ ስደርስ እናታችን ተነሱ። ለማንም ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው በቀርከሃው በር ወጥተው፣ ድምፅ የማይሰማበት ድረስ፣ ወደ መንገዱ ሄዱ።

ያነበብኩትን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። በማንጎው ሥር አሥር ሰዎች፣ በረንዳው ላይ ዘጠኝ ሰዎች ቆመዋል። በማንጎው ሥር ከቆሙት አንዱ በመጀመሪያ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። የሚስታቸው እናት ወደ በረንዳው ሲወጡ በአገሩ ወግ መሠረት ቦታውን ለቀዋል። የቆሙበት ቦታ ሐሳባቸውን አያሳይም። ይህን ጸሐፊዋ በጊዜው አይታ ሳትጽፈው ቀርታለች።

አንዱ ተነስቶ በበርትኛ ደገመው። በበርትኛ ከእኔ አጭር ሆነ። ሰብሳቢው ዱላቸውን በጣታቸው እያሻሹ ጠየቁ።

«እንዲህ ነበር?»

ቢሮው በር ላይ የቆመው ከንቲባ የሚያየኝ አይመስልም፤ ቁጥሩን ብቻ ነበር የፈለገው፣ አሁን ምክንያቱ ከቁጥሩ በፊት ተነቧል። ገበሬው ከምሰሶ ኋላ አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ ምሰሶ የለም። ተነሳ። ወደ አጥሩ በር አየ፤ እናታችን የሉም።

«እንዲህ ነበር» አለ። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ብዙዎቹ ዞረው አዩት። «እኔ በረንዳ ነበርኩ። ለከንቲባው ነበርኩ። ሄድኩ፤ እናንተም ታውቃላችሁ።»

ከላይኞቹ አንዱ፣ ያኔ አፍህ የት ነበር አለው። ከራሱ ወገን ከታችኞቹ አንዱ ደግሞ፣ አሁንስ ምን ሊጠቅመን ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ሁለቱም ወገን በአንድ ላይ ይናገሩ ጀመር። እንደገና ይቆም የሚል ሰው ግን አልሰማሁም። ላይኞቹ እናታችን ዳግም በረንዳ እንዳይወጡባቸው ፈሩ። ታችኞቹ ሌላ ሰው እንዳይዘልባቸው ፈሩ። ሰብሳቢው ዱላቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

«የጸሐፊዋን ጽሑፍ የሚቀበል በረንዳ ይውጣ፤ የማይቀበል ማንጎ ሥር ይሂድ» አሉ።

ወደ ማንጎው ሄዱ። ላይኞቹም ታችኞቹም። በአንድ ጥላ ሥር ሲቆሙ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። ጥላው አልበቃቸውም፤ አንዱ፣ ጠጋ በል፣ የላይ ሰው አይነክስም አለው ሌላውን፤ ጥቂት ሳቁ። ገበሬው በደረጃው ወጥቶ በረንዳው ላይ ብቻውን ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም።

በዚህ መሃል እናታችን ንባቡ ያለቀ መስሏቸው ተመለሱ። በአጥሩ በር፣ ከዘበኛው አጠገብ ቆመው ማንጎውን አዩ። በረንዳውን አዩ። ገበሬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

ሰብሳቢው እጃቸውን ዘርግተው ጠሯቸው።

«እናታችን፣ ይምጡና ይቁሙ።»

«ቆሜያለሁ» አሉ።

«እዚያ አይቆጠርም። ወይ በረንዳ ነው፣ ወይ ማንጎ ነው።»

«በረንዳ ከመጣሁ እሱ ይወርዳል» አሉ። ጮክ አላሉም፤ ግን ግቢው ዝም ስላለ ሁሉም ሰማ። «እኔ እዚህ ነኝ። ከእሱ ጋር ቁጠረኝ።»

ሰብሳቢው ፊታቸውን ጠረጉ። እኔን አሳዘኑኝ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፊ ልጄ። በረንዳው ላይ አንድ።»

ጻፍኩ። በረንዳው ላይ አንድ። ቀጥዬ ጻፍኩ። በአጥሩ በር ላይ አንዲት አባል።

ሰብሳቢው በትከሻዬ በኩል አነበቡት።

«የበሩን ሰርዢው።»

«ቆመዋል» አልኳቸው።

«ሰርዢው። ካልሆነ ሌላ ይጽፈዋል።»

የብዕሩን ክዳን ከደንኩ። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ መዝገቡ ላይ አኖርኩ፤ ነፋስ ስለነበር ድንጋዩን ወረቀቱ ላይ መለስኩ። ከንቲባው ከበሩ ፈቀቅ አለ፤ ከቢሮው ቦርሳዬንና ዣንጥላዬን አወጣሁ። በበረንዳው አጠገብ ሳልፍ ገበሬው አሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቆሟል። አጥሩ በር ስደርስ እናታችን ከመንገዱ ወረድ ብለው አሳለፉኝ። ወጣሁ።